በቤት ውስጥ ሙዚቃ ለመቅረጽ ለሚነሣ ሰው ስለ መሣሪያ አመራረጥ

ማናቸውም አዲስ ሥራ ሲቋቋም ዋናው ጥያቄ ገንዘብ መገኘቱ ብቻ ሳይሆን፣ የተገኘው ገንዘብ አስቀድሞ በየትኛው ዕቃ ላይ ይዋል የሚለው ነው። በቤት ውስጥ ሙዚቃ ቀርጾ የመሸጥ ሥራም ከዚህ ደንብ አይወጣም። በሰሜን ጎንደር ከሊማሊሞ ቁልቁለት ግርጌ በምትገኘው በዛሪማ ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ሰው፣ መነሻ ገንዘቡ ጥቂት እንደ መሆኑ መጠን፣ በግዢ የሚፈጽመው ስሕተት ሥራውን ገና ሳይጀመር ሊያስቆመው ይችላል።

ብዙ ጀማሪዎች ቀድመው የሚገዙት ለዐይን የሚሞላውን፣ ማለትም ትልቅ ድምፅ ማጉያና ብዙ ቁልፍ ያለው ሚክሰር ነው። እነዚህ ለሠርግና ለድግስ ይጠቅማሉ እንጂ በቀረጻ ሥራ ተቀዳሚ አይደሉም። በቀረጻ ጊዜ ድምፁ በመጀመሪያ በክፍሉ፣ ቀጥሎ በማይክሮፎኑ፣ ከዚያም ድምፅን ወደ ኮምፒዩተር በሚያስገባው መሣሪያ ያልፋል። ከማሲንቆው ጋር አብሮ የተቀረጸ የወፍጮ ድምፅ በኋላ በኮምፒዩተር ቢቀነስ እንኳ፣ የማሲንቆው ለዛ አብሮ ይቀነሳል። ስለዚህ ወጪው ከምንጩ መጀመር ይገባዋል።

አንደኛ፤ ክፍል። ጸጥ ያለ ክፍል ከማናቸውም ዕቃ ይቀድማል። ከጎንደር ወደ ሽሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ያለ ቤት የጭነት መኪና ስለሚያልፍበት አይመረጥም። የቆርቆሮ ክዳን ክረምት ሲገባ ከዝናቡ ድምፅ የተነሣ ቀረጻን ፈጽሞ ይከለክላል። ወፍራም የሣር ክዳን ግን የዝናቡን ድምፅ ያለዝበዋል፤ በክፍሉ ውስጥም ማስተጋባትን ይቀንሳል። የተገኘው የቆርቆሮ ቤት ብቻ እንደ ሆነ፣ ዝናብ በማይዘንብበት ሰዓት መሥራት፣ በዘፋኙም ጀርባና ጎን ፍራሽ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ማቆም ለመነሻ ይበቃል።

ሁለተኛ፤ ማይክሮፎን። ኮንደንሰር የተባለው ዐይነት ረቂቅ ድምፅ ይሰማል፤ ነገር ግን የጎረቤቱን ዶሮም አብሮ ይሰማል፤ ብዙውን ጊዜም 48 ቮልት ኀይል ይጠይቃል። ዳይናሚክ የተባለው ጠንካራ ነው፤ በቅርብ ያለውን እንጂ የሩቁን ድምፅ ብዙ አይቀበልም። ስለዚህ ባልተዘጋጀ ክፍል ለሚጀምር ሰው ዳይናሚክ ይሻላል። ለምሳሌ ያህል ሹር ኤስ ኤም 58 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1966 ጀምሮ የሚሠራ ነው። ስሙን ይዞ የሚሸጥ አስመስሎ የተሠራ ዕቃም ስላለ ሳይሞክሩ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

ሦስተኛ፤ ኦዲዮ ኢንተርፌስ። አዝማሪ ማሲንቆውን እየመታ ስለሚዘፍን ሁለት ማይክሮፎን የሚቀበል መሣሪያ ያስፈልጋል። አንዱ በአፉ አንጻር፣ ሁለተኛው አንድ ስንዝር ያህል ርቆ በማሲንቆው ቆዳ አንጻር ይቆማል። ሁለቱ ድምፆች ለየብቻ ከተቀረጹ በኋላ አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ማድረግ ይቀላል።

አራተኛ፤ ኮምፒዩተርና የጆሮ ማዳመጫ። መብራት በድንገት ሊጠፋ በሚችልበት አገር፣ ባትሪው ደኅና የሆነ ላፕቶፕና ኀይሉን በዩኤስቢ ከላፕቶፑ የሚወስድ ኢንተርፌስ መያዝ ቀረጻው መሐል መንገድ ላይ እንዳይቋረጥ ያደርጋል። ለመነሻም እንደ ኦዳሲቲ ያለ ያለ ክፍያ የሚገኝ ፕሮግራም ያገለግላል። የጆሮ ማዳመጫው ጆሮን ገጥሞ የሚዘጋ ይሁን፤ አለበለዚያ ከእርሱ የሚወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባል። የተቀረጸውን በሁለት ቦታ ማስቀመጥም ግዴታ ነው።

ሁሉን ዕቃ ገዝቶ ካልሆነ ሥራ አይጀመርም የሚል አስተሳሰብ ትክክል አለመሆኑን የአገራችን የሙዚቃ ንግድ ታሪክ ያስረዳል። አምሃ እሸቴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 በአዲስ አበባ የሸክላ አሳታሚ ድርጅቱን ሲያቋቁም የራሱ የሸክላ ማተሚያ አልነበረውም፤ ሸክላዎቹ በመጀመሪያ በህንድ፣ በኋላም በሊባኖስ ይታተሙለት ነበር። ገንዘቡን ያዋለው በዘፋኞቹና በሥራቸው ላይ ነው። የዛሪማው ጀማሪም ብዙ ጊዜ የማይጠቀምበትን ዕቃ ከመግዛት ይልቅ መከራየት፣ የመጨረሻውን የድምፅ ማስተካከልም በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ላለ ባለሙያ ከፍሎ ማሠራት ያዋጣዋል።

ሂሳቡም አስቀድሞ ይያዝ። ከመነሻው ገንዘብ ከአሥር እጅ አንዱ እጅ ለገመድ፣ ለማይክሮፎን ማቆሚያና ለማስቀመጫ ዲስክ ካልተተወ፣ ዋናው ዕቃ ተገዝቶ በገመድ እጦት ሥራ ይቆማል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» እንደ ተባለው፣ ልኩ የሚታወቀው ወደ ገበያ ከመወጣቱ በፊት ነው።

ከዚህም በቀር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን፣ የከዋኙንና የድምፅ ሪከርዲንግ አዘጋጁን መብት ይጠብቃል። ስለሆነም ከአዝማሪው ጋር የሚደረገው ስምምነት፣ ክፍያውና የሽያጩ ድርሻ ሳይቀር፣ ከቀረጻው በፊት በጽሑፍ መስፈር አለበት። ያለ ውል የተቀረጸ ዘፈን ገበያ ባገኘ ጊዜ ለጠብ ምክንያት ይሆናል፤ ለክርክርም የሚወጣው ገንዘብ ከመሣሪያው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።