ሳይሸነፍ የተነጠቀ ሻምፒዮና



የቦክስ ሻምፒዮን ክብሩን የሚያጣው ሲሸነፍ ነው። ሙሐመድ ዐሊ ግን ማንም ሳያሸንፈው ተነጥቋል።

በ1964 እ.ኤ.አ. በ22 ዓመቱ ሶኒ ሊስተንን ረትቶ የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ካሲየስ ክሌይ የሚለውን ስሙን ተወ።

አፕሪል 28 ቀን 1967 በሂዩስተን ለውትድርና ስሙ ተጠራ። አንድ እርምጃ ወደፊት መራመድ ወታደር መሆን ማለት ነበር፤ ዘመኑ ደግሞ የቬትናም ጦርነት ነው። ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም ብሎ ካለበት አልተነቃነቀም። የቦክስ ኮሚሽኖች ፈቃዱንና ማዕረጉን ወሰዱበት፤ ፍርድ ቤት 5 ዓመት እስራትና 10,000 ዶላር ቅጣት ፈረደበት። ይግባኝ ጠይቆ ባይታሰርም፣ ጉልበቱ በሞላበት ዕድሜ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ሳይጋጠም ቆየ። በእነዚያ ዓመታት በየዩኒቨርሲቲው እየዞረ ለተማሪዎች ንግግር ያደርግ ነበር።

በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 0 በሆነ ድምፅ ፍርዱን ሻረለት። ያለፉትን ዓመታት ግን የሚመልስ ፍርድ ቤት የለም፤ የእግሩ ፍጥነት ቀንሶ ነበር። ስለዚህ በ1974 ኪንሻሳ ላይ ያልተሸነፈውን ጆርጅ ፎርማንን የገጠመው በትዕግሥት ነው። ገመዱን ተደግፎ ቡጢውን እየመከተ አደከመው፤ በ8ኛው ዙር ዘረረው፤ ክብሩንም አስመለሰ።

ልብ በሉ፦ እምቢ ባለበት ቀን ይህ ሁሉ እንደሚመለስለት አያውቅም ነበር። አላህ ይዘንለት።