መምህሩ በስልኩ ምን ይመዘግባል?

በሆሳዕናና በዱራሜ፣ በዙሪያቸውም ባሉት ከተሞች የምትኖሩ ወላጆች፣ መምህሩ ልጆችን እያስነበበ ስልኩን ሲነካካ ብታዩ ሥራውን ትቶ የሚጫወት እንዳይመስላችሁ ነገሩን ልንገልጽላችሁ ወደድን።

ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ስለ ተወሰነ፣ ሀዲይሳና ከምባቲሳ በላቲን ፊደል እየተጻፉ ይሰጣሉ። በእነዚህ ቋንቋዎች ድምፁ ሲረዝም ፊደሉ ይደገማል፤ በመርዘሙና በማጠሩም የቃሉ ፍች ይለወጣል። እንግዲህ የሁለተኛ ክፍል ልጅ በንባብ ሲደናቀፍ ሰነፍ ነው ከማለት አስቀድሞ የተደናቀፈበትን ስፍራ መመርመር ይገባል። ሰነፍ የተባለ ልጅ ትምህርቱን ይጠላልና።

መምህር በገዛ ክፍሉ የሚያደርገው ይህን የመሰለ ምርመራ ተግባራዊ ምርምር ይባላል። ለዚሁም የሚረዱ መሣሪያዎች አሉ። ኮቦቱልቦክስ የተባለው መምህሩ ያዘጋጀውን መጠይቅ በስልክ ይይዛል፤ ኢንተርኔት በሌለበት መዝግቦ በኋላ ይልካል፤ አስቀድሞ ከተወሰነለት ልክ ያለፈ ቁጥር ቢጻፍበትም አይቀበልም። ታንጀሪን የተባለው ደግሞ ለንባብ ምዘና የተሠራ ነው፤ ልጁ ሲያነብ መምህሩ የተሳተውን ቃል ይነካል፣ መሣሪያውም ጊዜውን ይቈጥራል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ የተጀመረው የንባብ ፕሮግራም ከያዛቸው ሰባት ቋንቋዎች አንዱ ሀዲይሳ ነበረ።

ነገር ግን መሣሪያው ጥያቄውን አይመርጥም። መምህሩ አስቀድሞ፦ «በየቀኑ ሩብ ሰዓት ጮኾ ማንበብ በአምስት ሳምንት ውስጥ መደናቀፍን ይቀንሳልን?» ብሎ አንድ ጥያቄ ይወስን። ከዚያም በፊትና በኋላ እኩል በሚከብዱ ልዩ ልዩ ጽሑፎች ይመዝን፤ ልምምዱን ካልጀመረ ሌላ ክፍልም ጋር ያስተያይ። ከአማርኛ የተተረጐመ የቃላት ዝርዝር የሀዲይሳን ንባብ አይመዝንምና ቃላቱን ከቋንቋው ከራሱ ይምረጥ።

ወላጆችም በበኩላችሁ ልጃችሁ ሲመዘን ፈቃዳችሁ እንዲጠየቅ፣ በስሙ ፋንታ ቍጥር እንዲጻፍለትና ውጤቱ እንዲነገራችሁ በትሕትና ጠይቁ። ከምርመራው በኋላ በማስተማሩ ዘዴ ምን እንደ ተለወጠም ጠይቁ፤ ምንም ካልተለወጠ የተመዘገበው ቍጥር ለልጁ አንዳች አልጠቀመውም።