የባለሙያ ቃል በምን ይመዘን?

ማዕረግ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1993 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው የዳውበርት ጉዳይ ይህንን ያሳያል። እናቶች በእርግዝና ወቅት ለማቅለሽለሽ የወሰዱት ቤንዴክቲን የተባለ መድኃኒት ልጆቻቸውን ለአካል ጉዳት ዳርጓል ተብሎ ክስ ቀረበ፤ ስምንት ባለሙያዎችም የእንስሳት ሙከራን ጨምሮ የተለያዩ መረጃዎችን ጠቅሰው ክሱን ደገፉ። በአንጻሩ ከ130,000 በላይ ሰዎችን ያካተቱ ከ30 የሚበልጡ የታተሙ ጥናቶች በመድኃኒቱና በጉዳቱ መካከል ግንኙነት አላገኙም። ፍርድ ቤቱ ዳኛው አስቀድሞ ዘዴውን እንዲመረምር አዘዘ፦ ተፈትኗል ወይ? በሙያ አቻዎች ታይቷል ወይ? የስህተቱ መጠንስ ምን ያህል ነው?

«ዳኛ ሳይንቲስት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ምርመራ የተጎጂን አፍ ይዘጋል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ዳኛው የሚመዝነው መደምደሚያውን ሳይሆን ወደዚያ የተደረሰበትን መንገድ ነው፤ ይህን ምርመራ ያለፈው ምስክርነት በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈተናል፣ ማመን አለማመኑም የጁሪው (ከዜጎች የተውጣጣው የፍርድ ሸንጎ) ድርሻ ነው። ለተጎዳ ልጅ የሚገባው ፍትሕ በግምት ላይ ሊቆም አይገባም።