ሜታቦሊክ ሲንድረም በሉፐስ የኩላሊት ሕሙማን ላይ፦ መስፈርቱ ምን ይለካል?

ሉፐስ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የገዛ አካልን የሚያጠቃበት ሕመም ነው፤ ኩላሊትን ሲያቆስል ሉፐስ ኔፍራይተስ ይባላል። በ1976 እ.ኤ.አ. የቶሮንቶው ተመራማሪ ዩሮዊትዝና ባልደረቦቻቸው የሉፐስ ሕሙማን ሞት ሁለት ወቅት እንዳለው አመለከቱ፤ የመጀመሪያው በሕመሙ ብርታትና በኢንፌክሽን፣ ዘግይቶ የሚመጣው ደግሞ በልብ ደም ሥር መዘጋት ነው። ሜታቦሊክ ሲንድረም በእነዚህ ሕሙማን ላይ የሚጠናው ይህን የዘገየ አደጋ ቀድሞ ለመለየት ነው።

በ2009 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ተቋማት የተስማሙበት መስፈርት ከአምስት ምልክቶች ሦስቱን ይጠይቃል፦ የወገብ ዙሪያ መስፋት፣ ቢያንስ 150 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ትራይግሊሰራይድ፣ የኤችዲኤል ማነስ፣ ከ130/85 ጀምሮ ያለ የደም ግፊት፣ እንዲሁም በባዶ ሆድ ሲለካ 100 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ የሆነ የደም ስኳር።

ይሁን እንጂ ኩላሊቱ በታመመ ሰው ላይ እነዚህ ምልክቶች ሌላ ምንጭም አላቸው። በሽንት ብዙ ፕሮቲን ሲባክን ትራይግሊሰራይድ ከደም የሚወገድበት ፍጥነት ስለሚቀንስ መጠኑ ከፍ ይላል። የተጎዳው ኩላሊት ጨውና ውኃ ስለሚይዝ የደም ግፊት ይጨምራል፤ በሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽም የወገብ ዙሪያ ሲለካ ስብ ይመስላል። ሦስት ምልክት የተቆጠረበት ታካሚ እንግዲህ የኩላሊት ሕመሙ የተባባሰበት ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል። የፕሮቲን መፍሰስን ለመቀነስ የታዘዘ ኢናላፕሪል በመረጃ ቅጹ ላይ የደም ግፊት መድኃኒት ተብሎ ከተሞላማ ስሕተቱ ይብሳል።

መስፈርቱ የሚስተውም አለ። ጠዋት የሚወሰድ ፕሬድኒሶሎን የደም ስኳርን በይበልጥ ከፍ የሚያደርገው ከቀትር በኋላና ምሽት ላይ ነው፤ በማግስቱ ጠዋት በባዶ ሆድ ሲለካ ውጤቱ ጤናማ ሊሆን ይችላል። የሦስት ወር አማካይ ስኳርን የሚያሳየው ምርመራም በእነዚህ ሕሙማን ዘንድ የተለመደው የደም ማነስ ሲኖር አስተማማኝነቱ ይቀንሳል።

ስለዚህ በአንድ ቀን ልኬት ብቻ የሚቆጥር ጥናት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይደባልቃል። የሽንት ፕሮቲን ከቀነሰ በኋላ ልኬቱ ቢደገምና የፕሬድኒሶሎን መጠን አብሮ ቢመዘገብ፣ የሚያልፈውን ከሚዘልቀው መለየት ይቻላል። ልዩነቱ ሕክምናውንም ይነካል፤ ከፕሮቲን መባከን የመጣ ትራይግሊሰራይድ ኩላሊቱ ሲያገግም ሊወርድ ይችላል፣ ከስቴሮይድ የመጣው የስብና የስኳር ለውጥ ግን መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ወደ 5 ሚሊ ግራም በቀንና ከዚያ በታች ማውረድን ይጠይቃል።

በኢትዮጵያ ለሚሠራ ተመራማሪ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፦ የወገብ ዙሪያ ወሰኑ። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከሰሃራ በታች ላሉ ሕዝቦች የራሳቸው መረጃ እስኪገኝ ድረስ የአውሮፓውያኑን ልክ፣ ለወንድ 94 ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር፣ በተውሶ አስቀምጧል።