50 ቆጠርኩ፣ ግን ተሳስቼ ነበር

ዛሬ የማስረዳችሁ በቼዝ ስላለው የ50 እርምጃ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ምክንያት ከቅርብ ጓደኛዬ ጋር ተጣልቼ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክፍላችን ውድድር የመጨረሻ ጨዋታ ላይ እኔ ንጉሤ ብቻ ቀረልኝ። እሱ ንጉሥ፣ አንድ ሩክ (ግንቡ ማለት ነው) እና አንድ ወታደር አለው። በሩኩ ያባርረኛል፣ እኔ እሸሻለሁ። በልቤ ስቆጥር ቆይቼ 50 ስደርስ «አቻ ነው!» ብዬ ብድግ አልኩ። እሱም «ቅድም ወታደሬን አንቀሳቅሼ የለ እንዴ?» አለኝ። ዳኛ የነበሩት ቲቸር «ጨዋታው ይቀጥላል» አሉ። ወታደሩ ንግሥት ሆነና ተሸነፍኩ። አጭበረበረኝ ብዬ ሁለት ቀን አኮረፍኩት። በኋላ ቲቸር ሕጉን ሲያስረዱኝ ለካ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ!

ሕጉ እንዲህ ይላል። ሁለቱም ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው 50 ጊዜ ሲጫወቱ ምንም ካልተበላና ምንም ወታደር ካልተንቀሳቀሰ፣ ተራው የደረሰው ተጫዋች አቻ እንዲባል መጠየቅ ይችላል። በመሃል አንድ ነገር ከተበላ ወይም ወታደር ከተንቀሳቀሰ ግን ቆጠራው እንደገና ከ1 ይጀምራል። ለምን? ወታደር ወደ ኋላ አይመለስም፣ የተበላም አይነሣም። ስለዚህ ጨዋታው ወደፊት ሄዷል ማለት ነው። ማንም ካልጠየቀ ጨዋታው ይቀጥላል። ከ2014 ወዲህ ግን 75 ከደረሰ ዳኛው ራሱ ያስቆመዋል። የመጨረሻዋ እርምጃ ንጉሡን ማት ካደረገች ግን ድሉ ይጸናል።

ጓደኛዬ «እያሸነፈ ያለ ሰው ለምን ይቆማል?» ይላል። እውነት አለው። ኮምፒውተሮች ከ50 እርምጃ በላይ የሚፈልጉ አሸናፊ አቀማመጦችን አግኝተዋል። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽንም አንድ ሰሞን ለአንዳንድ አቀማመጦች 100 እርምጃ ፈቅዶ ነበር። በዚያን ጊዜ፣ በ1989 በቤልግሬድ ከተማ ኒኮሊችና አርሶቪች የሚባሉ ሁለት ተጫዋቾች 269 እርምጃ ተጫወቱ። ከ20 ሰዓት በላይ ፈጀባቸው። ውጤቱስ? አቻ! በኋላ ሕጉ ወደ 50 ተመለሰ።

እኔ ግን ገደቡ መኖሩን እደግፋለሁ። በንጉሥና በሩክ ብቻውን የቀረን ንጉሥ ለማሸነፍ፣ በትክክል ከተጫወቱ ቢበዛ 16 እርምጃ ይበቃል። ከባድ በሚባለው በቢሾፕና በፈረስ እንኳ ቢበዛ 33 ነው። ስለዚህ 50 ለሚችል ሰው ይበቃል። ገደብ ባይኖር ግን እኛ ደወል እስኪደወል ስንባረር እንውል ነበር፤ ቀጣዮቹም ተጫዋቾች ቦርዱን አያገኙትም።

በመጨረሻ ለቼዝ ክበባችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ንጉሥ ብቻውን ሲቀር አንድ ተማሪ ወረቀት ላይ ጭረት እያደረገ ይቁጠር። ወታደር ሲንቀሳቀስ ወይም ሲበላ ይሰርዝና እንደ አዲስ ይጀምር። በልብ መቁጠር እንደሚያጣላ እኔ አይቻለሁ።

ጓደኛዬን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። አሁን አብረን እየተለማመድን ነው፤ እሱ ይጫወታል፣ እኔ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? 50 ይበቃል ወይስ ያንሳል? ሐሳባችሁን ጽፋችሁ ለክበባችን ስጡን። እስከሚቀጥለው እትም ደህና ሁኑ!