ሁለት መሥመር በአንድ ሐዲድ

እኛ የሁሩታ ልጆች በአዳማ በኩል አዲስ አበባ ስንገባ የከተማውን ባቡር የምናገኘው ቃሊቲ ላይ ነው። ከመካከላችን አንዱ በመጀመሪያው ዓመት ከለገሃር ወደ ቃሊቲ ሊመለስ ተሳፍሮ መገናኛ ደረሰ። ሐዲዱ አንድ ስለሆነ ባቡሩም አንድ መስሎት ኖሯል። ሳቅንበት፤ ምክንያቱን ስንመረምር ግን ነገሩ ሳቅ ብቻ እንዳልሆነ አየን።

ቀላል ባቡሩ ሁለት መሥመሮች አሉት፤ አንዱ ከቃሊቲ ወደ ምኒልክ አደባባይ፥ ሌላው ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች። የተከፈቱትም በ2008 ዓ.ም.፥ የፊተኛው በመስከረም፥ የኋለኛው በጥቅምት ነው። ከስታዲየም ጀምሮ በለገሃር፥ በሜክሲኮና በተግባረ ዕድ አልፎ እስከ ልደታ ባሉት 5 ጣቢያዎች ሁለቱ በድልድይ ላይ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ።

ይህ አሠራር ጥቅም አለው። አቅጣጫው ካልተለወጠ መንገደኛው ደረጃ ሳይወጣና ሳይወርድ፥ ከቆመበት ሆኖ ሁለተኛውን ባቡር ይጠብቃል። የባቡሩን መድረሻ ማንበብ ብቻ ነው የሚፈለግበት። ጉዳቱስ? እያንዳንዱ መሥመር በየ6 ደቂቃው ባቡር ቢልክ፥ በጋራው ሐዲድ ላይ በየ3 ደቂቃው አንድ ባቡር ማለፍ አለበት። እዚያ አንዱ ቢበላሽ የሁለቱም መሥመር መንገደኛ ይቆማል።

በካይሮ ነገሩ ሌላ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሠፈር፥ በታሕሪር አደባባይ ሥር በሚገኘው የሳዳት ጣቢያ ሁለት መሥመሮች ከመሬት በታች ይገናኛሉ፤ ሐዲዳቸው ግን የተለያየ ስለሆነ የአንዱ ብልሽት ሌላውን አያስቆምም። ሆኖም እንዲህ ያለ ሠፈር የራሱ መከራ አለው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2013 ጣቢያው ለጸጥታ ሲባል ተዘጋ፤ እስከ ሰኔ 2015 ድረስ ባቡሮቹ ሳይቆሙ ያልፉ ነበር። ሕዝቡ መሥመር መለወጥ የቻለው ሁለቱ መሥመሮች በራምሴስ አደባባይም ስለሚገናኙ ነው።

እንግዲህ የመገናኛ ጣቢያ ዋጋው በጥልቀቱ ወይም በውበቱ አይለካም፤ ሲዘጋ ወይም ሲበላሽ ሌላ መንገድ በመኖሩ ነው። ይህ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ቢኖር፥ ከጧቱ 3 ሰዓት ልደታ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ይዞ ከአርሲ የመጣውን ገበሬ ያስብ። ባቡሩ ድልድዩ ላይ ሲቆም መሐንዲሱ መዝገቡ ላይ ብልሽት ይጽፋል፤ ገበሬው ግን ቀርቷል ተብሎ ይጻፍበታል።