ታላቁስ ማን አለው?

አገር ቤት አራስ ቤት ሰው አይጠፋበትም። አንዷ ገንፎ ታገነፋለች፣ ሌላዋ ሕፃኑን ታጥባለች፣ አያት ደግሞ ታላቁን ይዛ ትውላለች። ልጁ የእናቱን ጭን ለታናሹ ቢለቅም ሌላ ጭን አያጣም። ለንደን ስንመጣ ገንፎውም፣ አራስ ጥየቃውም፣ ክርስትናውም ተከትሎናል፤ የቀረው ያ ጭን ነው።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስለን። በለንደኑ ታቪስቶክ ክሊኒክ ይሠራ የነበረው ጄምስ ሮበርትሰንና ባለቤቱ ጆይስ እ.ኤ.አ. በ1969 ጆን ስለተባለ የ17 ወር ልጅ ፊልም አውጥተዋል። እናቱ ሁለተኛ ልጅ ልትወልድ ሆስፒታል ስትገባ ጆን ዘጠኝ ቀን በሕፃናት ማሳደጊያ ቆየ። ሞግዚቶቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ግን ይቀያየሩ ነበር። አንዷን ለመጠጋት ሞከረ፣ አልሆነለትም። አለቀሰ፣ ምግብ እምቢ አለ፣ ትልቅ የድብ አሻንጉሊት ላይ ተለጠፈ። እናቱ ስትመጣ ፊቱን አዞረባት። ባልና ሚስቱ አንድ በአንድ ቤታቸው ወስደው የተንከባከቧቸው ሌሎች አራት ልጆች ግን ቢከፋቸውም እንደ ጆን አልሆኑም። ከጎናቸው የማይቀየር ሰው ነበራቸው።

የእኛ ልጆች ማሳደጊያ አይገቡም። ቢሆንም ያ የማይቀየር ሰው ያስፈልጋቸዋል። አያት ቪዛ ካላገኘች ደግሞ ሰውየው አባት ነው። እንግዳ መቀበልና ለዘመድ ፎቶ መላክ ብቻውን አይበቃም።

እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ተቀጣሪ አባቶች የሁለት ሳምንት ፈቃድ አላቸው። መሥሪያ ቤት ካልጨመረበት በሕግ የተወሰነው ክፍያ ትንሽ ነው። ግን እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2024 ወዲህ ሁለቱን ሳምንት ነጣጥሎ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ መውሰድ ይቻላል። እኔ ሁለተኛውን ሳምንት ያቆየሁት ጠያቂው ሲመናመን ለታላቁ ልጃችን ነው። የተለየ ነገር አላደረግንም፤ መናፈሻ ሄድን፣ አውቶቡስ ፎቅ ላይ ተቀመጥን። ጡጦ ሲጠይቀኝም «ትልቅ ልጅ አይደለህ እንዴ!» አላልኩትም፤ ሰጠሁት። በሳምንቱ ራሱ ተወው።

ጠያቂዎችም ድርሻ አለን። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን ገብተን፣ ስጦታውን ይዘን፣ በሩን የከፈተልንን የሦስት ዓመት ልጅ አልፈን ወደ አልጋው እንሮጣለን። ሕፃኑ ማን ቀድሞ እንደሳመው አያውቅም፤ ታላቁ ግን ያውቃል። እባካችሁ መጀመሪያ እሱን ሳሙት።